ብቸኝነትን በወዳጅ ብድር የጻፈው ሰው

ኑሮው እንደሆነ እኛ ብንረሳው እሱ አይረሳንም፤ ስለዚህ ለዛሬ እሱን እንተወውና የልደት ወሬ እናውራ። የኬክ ዋጋ አናነሳም፤ ቃላችን ነው።

የምናወራው የካቲት 27 ቀን ስለሚውል ልደት ነው። የዓድዋ በዓል በዋለ በ4ኛው ቀን መሆኑ ነው፤ ፈረንጆቹ ማርች 6 ይሉታል። በዚህ ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ "ፉዌጎ" (እሳት ማለት ነው) በተባለ መንገድ ላይ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ጋዜጠኞች ይሰበሰቡ ነበር። ካሜራ የያዘ አለ፣ አበባ የያዘ አለ። መግለጫ የሚጠብቅ ግን የለም። በሩ ተከፍቶ አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲል፣ እነዚያ ሁሉ ጋዜጠኞች ሜክሲኮዎች ለልደት የሚያዜሙትን ዘፈን ይዘፍኑለታል። እሱም ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይገባል። በቃ፣ የዕለቱ ዜና ይኸው ነው።

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን ልጆች ነን። "ዜና ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ ስንት ዓይነት መልስ ሸምድደናል መሰላችሁ! ውሻ ሰውን ሲነክስ ዜና አይደለም፣ ሰው ውሻን ሲነክስ ግን ዜና ነው... ምናምን። "አንድ ሽማግሌ ልደቱን ለማክበር በር ድረስ ወጥቶ ገባ" የሚል ምዕራፍ ግን አላጋጠመንም።

ሰውየው ኮሎምቢያዊው ደራሲ ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ነው። ወዳጆቹም አንባቢዎቹም "ጋቦ" ይሉታል። (በዕድሜ ለአያቶቻችን ስለሚቀርብ "አንቱ" ልንለው በተገባ ነበር። ግን "ጋቦ" ብሎ አንቱታ አፋችን ላይ አልሄድ አለ፤ አንባቢ ይታገሠን።) የ1982ን የኖቤል ሽልማት የወሰደ፣ "የመቶ ዓመት ብቸኝነት" የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

እና የገረመን ነገር ይኼ ነው። መጽሐፉን "ብቸኝነት" ብሎ የሰየመ ሰው እንዴት በሩ ላይ ይኼን ያህል ዘፋኝ አገኘ? ታሪኩን ተራ በተራ ስናነብ ከረምን። መጽሐፉም፣ ጉዞውም፣ ጉርሱም በወዳጅ ብድር የተሠራ ሆኖ አገኘነው።

*

በልደቱ እንጀምር። ጋቦ የተወለደው ኮሎምቢያ ውስጥ አራካታካ በምትባል፣ ሙዝ አምራች ኩባንያ በከበባት ትንሽ ከተማ፣ ማርች 6 ቀን 1927 እሁድ ዕለት ነው። ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። ወንድ አያቱ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ኮሎኔል፣ ሴት አያቱ ደግሞ ስለ ሙታን ልክ እንደ ጎረቤት የሚያወሩ ሴት ነበሩ።

ዓመቱን ግን ልብ በሉልን። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መጻሕፍት ሁሉ የሚያትሙት 1928 እያሉ ነበር። አባቱ "ኧረ 1927 ነው" ይሉ ነበር፤ ግን ማን ሰምቷቸው! 1928 ደግሞ ሴዬናጋ በተባለች ከተማ ወታደሮች አድማ የመቱ የሙዝ እርሻ ሠራተኞችን የጨፈጨፉበት ዓመት ነው። ጋቦ ያን ጭፍጨፋ በኋላ ልብ ወለዱ ውስጥ አስገብቶታል። የልደቱ ዓመት ክርክር የተዘጋው በ2002 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ራሱ 1927 ብሎ ሲጽፍ ነው።

ይኼን ስናነብ ሳቃችን መጣ። የአገራችንን እናቶች "መቼ ተወለዳችሁ?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? "ለታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ" ይሏችኋል። ዓመቱስ? "ያ ትልቁ በሬ የሞተ ጊዜ!" ይኸው ነው መዝገቡ። የአንዷ ጓደኛችንን እናት ልደት ልናከብር ቀን ቆርጠን ኬክ ይዘን ብንሄድ፣ "ደግሞ ዕድሜዬን ቆጥሬ ለማን ላስረክብ ነው?" ብለው አፈጠጡብን። ሻማውን ግን እፍ አሉት። በማግስቱ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ ፎቶውን ሲያሳዩ ዋሉ። ለካ ቁጥሩን ነበር እንጂ የጠሉት፣ መታወሱንስ ወደውታል።

*

ጋቦ መጀመሪያ የሕግ ተማሪ ነበር፤ ቦጎታ ውስጥ። በ1948፣ ኤፕሪል 9 ቀን፣ ሆርሄ ኤልዬሰር ጋይታን የተባለው ፖለቲከኛ ሲገደል ከተማዋ ነደደች፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ልጁ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ካርታሄና ወርዶ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ወደ ባራንኪያ ተሻገረና "ኤል ኤራልዶ" በተባለው ጋዜጣ "ቀጭኔ" የሚል ዓምድ ያዘ። ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚያድረው ከታች ቢሮ፣ ከላይ ደግሞ ሴቶች ገላቸውን የሚሸጡበት ሕንፃ ውስጥ፣ የከተማው ሰው "ሰማይ ጠቀሱ" እያለ በሚቀልድበት ቤት ነበር። የአዳር ሒሳብ ሲጎድለው ለዘበኛው መያዣ የሚሰጠው የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ ነበር! እስቲ አስቡት፤ ዛሬ ያን ረቂቅ ሙዚየም ይሻማበታል። ያኔ ዋጋው አንድ አዳር ነበር።

ባራንኪያ ላይ ግን ሀብታም ሆነ፤ በሰው። አልቫሮ ሴፔዳ ሳሙዲዮ፣ አልፎንሶ ፉዌንማዮርና ሄርማን ቫርጋስ የተባሉ ጓደኞች አገኘ። አብረዋቸው ደግሞ ከስፔን ካታሎኒያ የመጡ ራሞን ቪኜስ የተባሉ አዛውንት ነበሩ፤ በፊት መጽሐፍ ሻጭ የነበሩ። ቀን ጋዜጣ፣ ማታ መጠጥ ቤት፣ በመሀል መጽሐፍ መዋዋስ። ፎክነርን፣ ቨርጂኒያ ዉልፍን፣ ሄሚንግዌይን ያነበበው በዚህ የውሰት መስመር ነው።

ብድሩን እንዴት መለሰ? "የመቶ ዓመት ብቸኝነት" ሊያልቅ ሲል አራት ወጣት ጓደኛሞች ይመጣሉ። ስማቸው አልቫሮ፣ ሄርማን፣ አልፎንሶና ገብርኤል ነው። አንድ ካታላናዊ መጽሐፍ ሻጭ ሽማግሌም አለ። የጓደኞቹን ስም እንኳ አልቀየረም! መቶ ዓመት ሙሉ ብቻውን የኖረ ቤተሰብ ታሪክ ሊዘጋ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት፣ ጋቦ የራሱን ጓደኞች አስገባለት።

እኛም የራሳችን ባራንኪያ ነበረችን። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ አምስት ሆነን ሦስት ሻይ የምናዝባት ሻይ ቤት። ልደት ሲሆን ኬክ የሚባል ነገር አቅማችን አልነበረምና አንድ ቦምቦሊኖ ላይ ጧፍ ሰክተን እንዘፍናለን። ሕጓ አንዲት ነበረች፤ ባለልደቷ አትከፍልም። ባለቤቲቱም ቦምቦሊኖዋን "በዱቤ ጻፍኳት" ይሉና መጻፋቸውን እንጃ። ልክ እንደዚያ ነው ጋቦና ጓደኞቹ።

*

አሁን ወደ ጉዞው። በ1954 ቦጎታ ያለው "ኤል ኢስፔክታዶር" ጋዜጣ ቀጠረው። በዓመቱ ከባሕር ኃይል መርከብ ወድቆ 10 ቀን ውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ የተረፈ አንድ መርከበኛ ታሪኩን አጫወተው። ጋቦ በ14 ተከታታይ ክፍል ጻፈው። በመሀሉ ግን ጉድ ወጣ፦ መርከቧ የኮንትሮባንድ ዕቃ ጭና ነበር። ወታደራዊው አገዛዝ ጥርሱን ነከሰ። ጋቦ በዚያው በ1955 የጋዜጣው ወኪል ሆኖ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ መጀመሪያ ጄኔቫ፣ ከዚያ ሮም፣ ከዚያ ፓሪስ።

ፓሪስ ገብቶ ወገቡን ሳያሳርፍ፣ በ1956 መጀመሪያ አገዛዙ ጋዜጣውን ዘጋው። ደመወዝ ቀረ። የመመለሻ ትኬት ቢልኩለት ወደ ገንዘብ ቀየረውና እዚያው ቀረ። ሩ ኩዣ በተባለ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል፣ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ለወራት ሳይከፍል ኖረ። የሆቴሉ ባለቤቶች አላባረሩትም። ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ጋዜጣ እየሰበሰበ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። በየቀኑ የሚጠብቀው ፖስተኛውን ነው። ያኔ የጻፈው ምን መሰላችሁ? "ለኮሎኔሉ የሚጽፍለት የለም" የሚለውን አጭር ልብ ወለድ ነው። የጡረታ ደብዳቤው ይመጣ እንደሆነ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ወደቡ የሚወርድ አንድ ሽማግሌ ኮሎኔል ታሪክ። የራሱን ረሃብ ለአያቱ ብጤ አልብሶ ጻፈው።

ስለዚያ ዘመን የሚተረክ አንድ ጨዋታ አለ። የባራንኪያ ጓደኞቹ ፖስትካርድ ይልኩለታል። አገላብጦ ቢያየው ሰላምታ ብቻ! ተናዶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ለካ ካርዱ ሁለት ሆኖ የተጣበቀ ነው፣ መሀሉ ላይ መቶ ዶላር ተሸሽጓል። ሮጦ ቆሻሻውን ሲፈትሽ ብሩ እዚያው አለ። እኛ ይኼን ስናነብ የባንክ ሐዋላ ከመምጣቱ በፊት በሰው እጅ፣ በሳሙና ካርቶን ውስጥ የሚላክ ገንዘብ ትዝ አለን። የጓደኛ ብልሃት አገር የለውም።

ከዚያ በኋላ ጉዞው መቆሚያ አጣ። በ1957 ከጓደኛው ከፕሊኒዮ አፑሌዮ ሜንዶዛ ጋር ምሥራቅ ጀርመንን አየ፣ ሞስኮ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ፌስቲቫል ላይ ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ ለንደን ነበር። ከለንደን ያወጣው ያው ፕሊኒዮ ነው፤ ካራካስ በሚሠራበት መጽሔት ሥራ አገኘለት። በ1958 ባራንኪያ ተመልሶ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኛት የኖረችውን ሜርሴዴስ ባርቻን አገባ። ቀጥሎ ለኩባ ዜና አገልግሎት ለ"ፕሬንሳ ላቲና" በቦጎታ፣ በሃቫናና በኒው ዮርክ ሠራ። በ1961 ሥራውን ለቆ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ይዞ፣ የፎክነርን አገር በመስኮት እያየ፣ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወረደ። ኒው ኦርሊንስ ላይ ፕሊኒዮ የላከለት ገንዘብ ባይደርስ ኖሮ ጉዞው እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። እና ይኼን ሁሉ የዞረው ሰው አውሮፕላን ፈሪ ነበር! ፍርሃቱን ራሱ በጋዜጣ ጽፎታል።

*

ሜክሲኮ ሲቲ ሲደርሱ የተቀበላቸው አልቫሮ ሙቲስ ነው። ገጣሚ፣ ኮሎምቢያዊ፣ ሳቁ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሰው። የሚሠራበትን ኩባንያ ገንዘብ ለወዳጆቹና ለኪነ ጥበብ በማዋሉ ተከሶ ሜክሲኮ ውስጥ 15 ወር ገደማ ታስሯል። (የጓደኛ ፍቅር ከልክ ሲያልፍ እንግዲህ...) ጋቦ መጻፍ አቅቶት በነበረ ጊዜ የሁዋን ሩልፎን "ፔድሮ ፓራሞ" አምጥቶ "እንካ አንብብና ተማር" ያለው እሱ ነው።

በ1965 ጋቦ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አካፑልኮ ሲጓዝ የመጽሐፉ አጀማመር ተገለጠለት። ከዚያ 18 ወር ከክፍሉ አልወጣም። ታዲያ ማን ያብላ? ሜርሴዴስ። መኪናው ተሸጠ፣ ዕቃው በመያዣ ሄደ፣ ሥጋ ቤቱም ባለሱቁም የዱቤ መዝገብ ከፈቱ። የቤት ኪራይ ሦስት ወር ሲያልፍ ሜርሴዴስ ለአከራዩ ደውላ "ከስድስት ወር በኋላ አንድ ላይ እንክፈልዎት" አለቻቸው። ሰውየውም ቃሏ እንደሚበቃቸው ነግረዋት ዝም አሉ። ማታ ማታ ደግሞ ጓደኞች መጠጥና ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ መሀል ባልና ሚስቱ ሆሚ ጋርሲያ አስኮትና ማሪያ ልዊሳ ኤሊዮ ነበሩ፤ መጽሐፉ ለእነሱ ተበርክቷል። ጋቦ በየማታው የጻፈውን ለሙቲስ ይተርክለታል፣ ሙቲስ የሰማውን የራሱን ቅመም ጨምሮ ለሌሎች ያወራል፣ ጋቦ ደግሞ የሙቲስን ቅመም መልሶ ይወስዳል። ረቂቁ አልቆ ሲያነበው ሙቲስ ተቆጣ አሉ፤ "ያወራህልን ሌላ፣ የጻፍከው ሌላ!" ብሎ።

ረቂቁ ቦነስ አይረስ ወዳለው አሳታሚ በፖስታ ሊላክ ሲመዘን 82 ፔሶ ሆነ። ኪሳቸው ያለው 53 ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ላኩ፤ ቤት ሲመለሱ ለካ የላኩት የኋለኛውን ግማሽ ነው! ቀሪው የተላከው የክፍል ማሞቂያው፣ ፀጉር ማድረቂያውና ጁስ መፍጫው ተይዘው ነው። ከፖስታ ቤቱ ሲወጡ ሜርሴዴስ "አሁን የቀረን ልብ ወለዱ መጥፎ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ነው" የሚል ነገር ጣል አደረገች ይባላል። በ1967 መጽሐፉ 8 ሺህ ቅጂ ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

እንግዲህ "ደራሲ ማለት ብቸኛ ፍጡር ነው" የምትሉን ሰዎች የሥጋ ቤቱን የዱቤ መዝገብ አትርሱብን።

*

ግን ወዳጅነት ወጪም አለው። ሁሉንም ማር አድርገን ከነገርናችሁ ጋዜጠኝነት የተማርነው በከንቱ ነው።

ጋቦና የፔሩው ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ በ1967 ካራካስ ላይ ተገናኙና የአንድ ሰሞን የልብ ወዳጅ ሆኑ። ባርሴሎና ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ። ጋቦ የዮሳን ልጅ ክርስትና አንስቷል፤ በእኛ አገር ቋንቋ አበልጆች ናቸው ማለት ነው። ዮሳ በ1971 ስለ ጋቦ ሥራዎች አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1976፣ ሜክሲኮ ሲቲ ባለ ቲያትር ቤት ጋቦ "ወንድሜ!" ብሎ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ፣ ዮሳ በቡጢ ዘረረው። ምክንያቱን ሁለቱም ለአደባባይ ሳይገልጹት ሞቱ፤ ጋቦ በ2014፣ ዮሳ በ2025። ዓይኑ የበለዘበትን ፎቶ በሁለተኛው ቀን ያነሳው ሮድሪጎ ሞያ ፎቶውን ለ30 ዓመት ደብቆ ይዞ፣ ያወጣው ጋቦ 80 ዓመት በሞላበት በማርች 2007 ነው። የልደት ስጦታ ብትሉትም ያስኬዳል።

ሁለተኛው ወጪ ፊደል ካስትሮ ነው። የኩባው መሪ የጋቦን ረቂቆች ሳይታተሙ የሚያነብ ወዳጅ ነበር። በ1971 ኩባ ገጣሚውን ሄበርቶ ፓዲያን ስታስርና ራሱን እንዲወቅስ ስታደርግ፣ ብዙ ደራስያን ከካስትሮ ተለዩ። ጋቦ ግን ቀረ። በ2003 ኩባ ጀልባ የጠለፉ ሦስት ሰዎችን ስትረሽን አሜሪካዊቷ ሱዛን ሶንታግ ቦጎታ ድረስ መጥታ ዝምታውን በአደባባይ ነቀፈች። ጋቦ ብዙ እስረኞችን በዚያው ወዳጅነት ማስፈታቱን በመግለጽ ይከላከል ነበር። እውነት ነው፣ የተፈቱ አሉ። ግን የጓደኛን በር በስውር ማንኳኳትና ጋዜጣ ላይ መጻፍ አንድ አይደሉም።

እኛ ይኼ ነገር ይነካናል። የተመረቅን ሰሞን አንድ ስሙን የማንጠራው መሥሪያ ቤት ለዘገባ ጠራን። ምሳው ግሩም ነበር። ስንወጣ ፖስታ ተሰጠን፤ ፖስታውን መለስን። ኃላፊው ትከሻችንን መታ መታ አድርገው "ኧረ እናንተ እኮ የኛው ልጆች ናችሁ!" አሉን። ፖስታ ይመለሳል። "የኛው ልጆች" የምትለዋ ቃል ግን በምን ትመለሳለች? ያን ዕለት ማታ ዜናውን ስንጽፍ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ቁጭ ብላ ታየን ነበር። ለዚህ ነው የጋቦን ዝምታ ለመፍረድ የማንቸኩለው፣ ለማድነቅም የማንደፍረው። በወዳጅ ብድር የተጻፈ መጽሐፍ ይጣፍጣል። በወዳጅ ብድር የተያዘ ምላስ ግን ያው የተያዘ ነው።

*

ወደ ልደቱ እንመለስ። ጋቦ በ1993 አንድ የልደት ንግግር አድርጓል፤ ለራሱ አይደለም፣ ለሙቲስ 70ኛ ዓመት። ሁለቱ አንዱ ስለሌላው በአደባባይ ምንም ላይናገሩ ቃል ተገባብተው ነበር፤ ከመሞጋገስ በሽታ ለመዳን። ሙቲስ ግን አሥር ዓመት ቀድሞ ቃሉን አፍርሶ ስለ ጋቦ ተናገረ። ምክንያቱ፣ እንደ ጋቦ አባባል፣ ጋቦ የጠቆመውን ፀጉር አስተካካይ ስላልወደደው ነው! እናም ጋቦ ተበቀለው፤ በልደቱ ቀን አደባባይ ላይ አመሰገነው። ስለ ሲሞን ቦሊቫር የጻፈውን "ጄኔራሉ በላቢሪንቱ" የተባለውን ልብ ወለድም ያበረከተው ለሙቲስ ነው፤ ሐሳቡ መጀመሪያ የሙቲስ ነበርና።

በ2007 ደግሞ ጋቦ ራሱ 80 ሞላ። ካርታሄና ላይ በተደረገው የስፓኒሽ ቋንቋ ጉባዔ የስፔን ንጉሥና ቢል ክሊንተን ባሉበት ተከበረ። ጋቦ ተነስቶ ያወራው ግን ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ቤት ኪራዩና ስለዚያ 53 ፔሶ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሜርሴዴስ ጋር በባቡር ወደ አራካታካ ተመለሰ፤ ለብዙ ዓመታት ሳያያት ቆይቶ። አንድ ዓለም ዞሮ የመጨረሻው ትልቅ ጉዞ ወደተወለደባት ሆነ።

በሕይወት ሳለ ያሳተመው የመጨረሻ ልብ ወለድ (2004) ባለታሪክም የጋዜጣ ዓምደኛ ነው። 90ኛ ልደቱን ሊያከብር የተነሳ ሽማግሌ። ነገሩ በቤተሰብ መሀል የሚነበብ ባይሆንም፣ ዓምደኛው በልደቱ ቀን እንኳ ጽሑፉን ለማድረስ ሲጣደፍ ስናይ እንደ ሙያ ባልደረባ አዘንን።

*

በ2012 ወንድሙ ጋቦ እየረሳ መሆኑን ተናገረ። ልጁ ሮድሪጎ በኋላ እንደጻፈው፣ ማስታወስ መሣሪያዬም ጥሬ ዕቃዬም ነው፣ ያለሱ መሥራት አልችልም ይል ነበር። ልጆቹን ሳይቀር የማያውቅበት ጊዜ መጣ። ጉድ የሚያሰኘው፣ በ"የመቶ ዓመት ብቸኝነት" ውስጥ የማኮንዶ ሰዎች የመርሳት ወረርሽኝ ይይዛቸዋል፤ ላም ምን እንደሆነች እንዳይጠፋቸው በየነገሩ ላይ ስሙን ጽፈው ይለጥፋሉ።

ማርች 6 ቀን 2014 ጋቦ 87 ዓመት ሞላው። በሩ ተከፈተ፣ ኮቱ ላይ ቢጫ አበባ ነበረበት፣ ጋዜጠኞቹ ዘፈኑ። ስንቱን እንዳወቀ አናውቅም። እነሱ ግን ያውቁታል። የአንዷ ጓደኛችን እናት "ዕድሜዬን ለማን ላስረክብ?" ላሉት ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ መሰለን። ሰው የራሱን ታሪክ መያዝ ሲያቅተው የሚረከቡት እንደነዚህ በሩ ላይ የቆሙት ናቸው።

ኤፕሪል 17 ቀን አረፈ፤ በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 2006። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ ጸሎተ ሐሙሱ የሁላችንም ነው። የልብ ወለዱ ትልቅ እናት ኡርሱላም የሞተችው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ሜርሴዴስ በ2020 ተከተለችው። ልጆቹ ደግሞ እሱ "አይሆንም፣ ይጥፋ" ያለውን "ነሐሴ ላይ እንገናኝ" የተባለ ረቂቅ አሳተሙ። የወጣበት ቀን ማርች 6 ቀን 2024፤ በ97ኛ ልደቱ! ማሳተማቸው ልክ ነው ወይስ አይደለም? እኛ መሀል ተከራክረን አልተስማማንም። ታሪኩ ግን በየዓመቱ በነሐሴ አንድ ቀን ወደ ደሴት ተሻግራ እናቷ መቃብር ላይ አበባ ስለምታኖር ሴት ነው። ቀን ጠብቆ ወደሚወዱት ሰው መሄድ ነው ነገሩ።

ከአምስታችን አንዷ ዱባይ ናት፣ አንዷ ዋሽንግተን። አንዷ አዲስ አበባ ውስጥ ሆና በታክሲ ሁለት ሰዓት ትርቃለች፣ እሱም ያው ስደት ነው። ልደት ሲደርስ በቴሌግራም ድምፅ እንልካለን፤ እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል። ባለፈው ዱባይ ያለችው የራሷን ልደት ረስታው በሥራ ላይ ነበረች። ዘፈናችንን ሰምታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ለካ አለሁ" አለችን። ይቺን ቃል ከሰማን በኋላ "ሥራ በዝቶብን ነው" የሚለውን ሰበብ ትተነዋል።

እናንተም የማን የዱቤ መዝገብ ላይ እንዳላችሁ አስቡ። ሻይ የከፈለችላችሁ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ያዋሰቻችሁ፣ ኪራይ ሲያልፍ ያስጠጋቻችሁ... የልደቷን ቀን ታውቁታላችሁ? የማታውቁት ከሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋት። እሷም ካላወቀችው አንድ ቀን ቆርጣችሁ ስጧት።